ለኪዮቶዋ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚያችን ምስጋና፣ በመጸው ወደ ጃፓን ለሚጓዙም ጥቆማ

ባለፈው ኅዳር እናቴን ይዤ ወደ ጃፓን በሄድኩ ጊዜ የኪዮቶን ገዳማትና መቅደሶች ያስጎበኙን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸው ሳይመሰገን እንዲቀር ግን ሕሊናዬ አልፈቀደም። እኚህ እናት የበጎ ፈቃድ አስጎብኚዎች ከሚባሉት ወገን ናቸው። በጃፓን በየከተማው የውጭ ቋንቋ የሚችሉ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳን የሚያስጎበኙበት አሠራር ያለ ሲሆን፣ የማኅበራቱን ዝርዝር የጃፓን ብሔራዊ የቱሪዝም ድርጅት በድረ ገጹ ላይ በየአካባቢው ከፋፍሎ አስቀምጦታል። ብዙውን ጊዜ ከእንግዳው የሚጠበቀው የአስጎብኚውን የትራንስፖርት፣ የመግቢያና የምሳ ወጪ መሸፈን ብቻ ነው።

ከመሄዳችን በፊት በጻፍኩላቸው ደብዳቤ እናቴ ሰባ ዓመት እንዳለፋት፣ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ጉዟችንም ከጾመ ነቢያት መግቢያ ጋር እንደሚገጥም ገለጽኩላቸው። ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ የኪዮቶ የሜፕል ዛፎች ቅጠል ደግሞ በደንብ የሚቀላው በዚያው ሰሞን ነውና ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር። ከእሳቸው የመጣው ምላሽ የሚጎበኙ ቦታዎች ዝርዝር አልነበረም። እናቴ ሳታርፍ ስንት ደረጃ መውጣት እንደምትችል፣ ምን ምን እንደማትመገብና እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾም፣ የሌላ እምነት ቤት ስትገባ የሚከብዳት ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። በሌሎች ጉዞዎች ገንዘብ የከፈልናቸው አስጎብኚዎች ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አንስተውልኝ አያውቁም።

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ጥሩ ቦታ ላይ ነበር ያረፈው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የማትለይ ሰው ስለሆነች ስለ ጉዞው ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «የሰው አምልኮ ቤት ገብቼ ምን ላደርግ ነው?» ነበር። መምህርቷ በተገናኘንበት ጠዋት፣ በልጅነታቸው የ1964ቱን (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በቴሌቪዥን እንዳዩና አበበ ቢቂላን እንደማይረሱት ካጫወቱን በኋላ (ይህን የሚሉ የጃፓን አዛውንቶች ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም አይሰለችም)፣ ሳንነሣ በፊት አንድ ነገር አስረዱን። ጫማ ማውለቅ፣ የበሩን ደፍ አለመርገጥ፣ ቶሪኢ በሚባለው የመቅደስ በር ሲያልፉ መካከሉን ለአምላኩ ትቶ ዳር ዳሩን መሄድ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ እነዚህ ከማንኛውም እንግዳ የሚጠበቁ የአክብሮት ሥርዓቶች ናቸው። በሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም መጣል፣ በሺንቶ (በጃፓን ነባሩ እምነት) መቅደስ ሁለቴ ሰግዶ፣ ሁለቴ አጨብጭቦ፣ አንዴ ደግሞ መስገድ፣ በቡድሃ ገዳም ሳያጨበጭቡ እጅ ማጋጠምና ዕጣን ማጨስ ግን ጸሎት ነው። በመግቢያው ላይ ባለው ውኃ እጅንና አፍን መታጠብም ለጸሎት መዘጋጃ ነው። ብዙ ቱሪስት እንደ ማስታወሻ የሚሰበስበው በብሩሽ የሚጻፍ የገዳማት ማኅተም እንኳ በመሠረቱ ለተሳለመ ሰው የሚሰጥ መሆኑን አልደበቁንም። «ከሁለተኛዎቹ አንዱንም ባታደርጉ የሚቀየማችሁ የለም» አሏት። ከዚያ በኋላ እናቴ የትኛውም ቦታ ስትገባ ተጨንቃ አላየኋትም። ጫማ ማውለቁንማ ማንም ሊያስተምራት አላስፈለገም።

የጉብኝቱን ቅደም ተከተል ያወጡበት መንገድ ለብቻው ሊመሰገን የሚገባው ነው። መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ፉሺሚ ኢናሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ711 እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ የሺንቶ መቅደስ ቀንም ሌሊትም ክፍት ስለሆነና የመግቢያ ክፍያም ስለሌለው ጎህ ሲቀድ ቢደርሱበት የሚከለክል የለም። ከኪዮቶ ጣቢያ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ሲወርዱ መግቢያው ፊት ለፊት ነው። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉት ቀያይ በሮች 233 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ተዘርግተዋል። መምህርቷ ግን በሮቹ ይበልጥ የተጠጋጉት ከታች መሆኑን ስለሚያውቁ እናቴን ወደ ላይ አላደከሟትም። ጥቂት ከሄድን በኋላ ዞር በሉ አሉን። ወደ ላይ ሲወጣ ባዶ የሚመስለው ምሰሶ ሁሉ ከበስተጀርባው በጥቁር ጽሑፍ የተሞላ ነው። ኢናሪ የሩዝ፣ የመከርና የንግድ አምላክ ተደርጎ ስለሚታይ በሮቹን የሚሰጡት ነጋዴዎችና ድርጅቶች ናቸው፤ በአንዱ በኩል የሰጪው ስም፣ በሌላው የተሰጠበት ጊዜ ይጻፋል። መምህርቷ ጎንበስ ብለው የአንዱን ምሰሶ እግር በጣታቸው ነኩና ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ከዝናብ ብዛት እንደ ላመ አሳዩን፤ እንዲህ ያረጀው እየተነሣ በሌላ ይተካል። እናቴ ይህንን ስተረጉምላት «በእኛም መጋረጃው ግርጌ የሰጪው ስም ይጻፍ የለ» አለችና ከዚያ በኋላ በየምሰሶው እየቆመች ማን እንደሰጠው ታስጠይቀኝ ጀመር። መምህርቷም ሳይሰለቹ እያነበቡላት ሄዱ።

ፀሐይ ወጥታ ሰው መብዛት ሲጀምር እኛ ወደ ኪዮቶ በኩል አንድ ፌርማታ ተመልሰን ቶፉኩጂ በር ላይ ደርሰን ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው ይህ የዜን፣ ማለትም የአንድ የቡድሃ እምነት ዘርፍ፣ ገዳም በመጸው ከኪዮቶ ሁሉ ሰው ከሚጎርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ጹቴንክዮ የሚባለው ባለ ጣሪያ ድልድይ በሜፕል የተሞላ ሸለቆ ላይ ያልፋል። የቀድሞውን ድልድይ በ1959 አውሎ ነፋስ አፍርሶት በ1961 እንደገና ተሠርቷል። በገዳሙ የቼሪ አበባ ዛፍ የማይታየው፣ ሚንቾ የተባለ ሠዓሊ መነኩሴ ዛፎቹ መነኮሳቱን ከጸሎት እንዳያዘናጉ እንዲቆረጡ ገዢውን ስለ ለመነ ነው ተብሎ ይተረካል። ሜፕሉስ አያዘናጋም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው መምህርቷ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልሰጡኝም። ቅጠሉ በሚደምቅበት ሰሞን ግፊያ እንዳይፈጠር ድልድዩ ላይ ፎቶ ማንሳት ስለሚከለከል፣ ለፎቶ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህንን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

እናቴ ወደ ሸለቆው መውረድ ስላልቻለች መምህርቷ እኔን ብቻዬን ልከው እሳቸው ከእሷ ጋር በአበምኔቱ አዳራሽ ዙሪያ ባሉት የአትክልት ቦታዎች ቆዩ። እነዚህን ቦታዎች በ1939 የሠራቸው የአትክልት ቦታ ነዳፊው ሺጌሞሪ ሚሬይ ነው፤ በሰሜን በኩል ያለው ሞስ የሚባለው መሬት ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ አረንጓዴ ተክልና ካሬ ድንጋይ እንደ ዳማ ገበታ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነው። ስመለስ እናቴ በእንጨቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ እግሯ ላይ የማላውቀው ወፍራም የሱፍ ካልሲ አየሁ። በኅዳር የገዳማቱ ወለል ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይሰማል፤ እንግዳ ደግሞ ጫማ ካወለቀ በኋላ በስስ ካልሲ ነው የሚራመደው። መምህርቷ ይህን አስበው ከቤታቸው አንድ ጥንድ በቦርሳቸው ይዘው መጥተው ነበር። መልሰው ሊወስዱት ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ካልሲው አሁን አዲስ አበባ ነው።

ከሰዓት በታክሲ ወደ ኤይካንዶ ሄድን። በዚህ ገዳም ያለው የአሚዳ ቡድሃ ሐውልት ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቢሆንም ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ፊቱን በግራ ትከሻው ላይ አዙሮ ወደ ኋላ የሚመለከት መሆኑ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በ1082 ዮካን የተባለ መነኩሴ እየጸለየ ሲዞር ሐውልቱ ከመቀመጫው ወርዶ ከፊቱ መሄድ ጀመረ፤ መነኩሴው ደንግጦ ቢቆም ዞር ብሎ «ዮካን፣ ዘገየህ» አለው። መምህርቷ ይህን ሲተርኩ እንደ ሁልጊዜው አጭር ዐረፍተ ነገር ተናግረው እኔ እስክተረጉም ይጠብቃሉ፤ ሲናገሩም የሚያዩት እኔን ሳይሆን እናቴን ነው። ደረጃው ላይ እናቴ ስለ ዘገየች ይቅርታ ስትጠይቅ «ይህ ገዳም ለዘገየ ሰው ዞር ብለው የሚጠብቁበት ነው» ብለው መለሱላት።

እናቴ መንገደኛ ብትሆንም እስከ 9 ሰዓት ካልሆነ አልቀምስም ስላለች፣ መምህርቷ ሳይከራከሩ የሚያስኬደውን ሁሉ ጠዋት አድርገው ከቀትር በኋላ ያለውን ለዕረፍት ትተውታል። ከኤይካንዶ ጥቂት እልፍ ብሎ ናንዘንጂ የሚባል ትልቅ የዜን ገዳም አለ፤ አካባቢው በኮምቡ፣ ማለትም በባሕር አረም በሚፈላ የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ) ምግብ የታወቀ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ስለሌለው ለጾመኛ የተመቸ ይመስላል፤ ችግሩ ሌላው የጃፓን ምግብ ቤት አትክልት ነው የሚለው ሁሉ መረቁ አዘውትሮ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መሆኑ ነው። ቶፉው ንጹሕ ሆኖ ማጥቀሻው ዓሣ ሊኖርበት ይችላል። መምህርቷ ከቀናት በፊት ስልክ ደውለው ማጥቀሻውን ለይተው ጠይቀው፣ በባሕር አረምና በደረቀ እንጉዳይ ብቻ እንዲሠራልን ተስማምተው ነበር። በዚያም ሳያበቁ እናቴ የማትመገባቸውን ሁሉ፣ የዓሣውን መረቅ ጨምሮ፣ በጃፓንኛ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፈው ሰጡን። እሳቸው ባልነበሩባቸው ቀናት በየምግብ ቤቱ ያበላን ያ ካርድ ነው።

ኪዮሚዙዴራን ያየነው በሌላ ቀን ማለዳ ነው። አብዛኛው ገዳም የሚከፈተው ረፋድ ላይ ሲሆን ይህ ግን በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ሰው ሁሉ ከሚወጣበት ባለ ደረጃ መንገድ ይልቅ ደረጃ በሌለው አቀበት በኩል ወሰዱን። በ1633 እንደገና የተሠራው ዋናው አዳራሽ ከገደሉ 13 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በግዙፍ የዛፍ ግንዶች ላይ የቆመ ነው፤ ግንዶቹም ያለ ሚስማር እርስ በርስ ተቆላልፈው የተያያዙ ናቸው። እናቴ የቡድሃ ገዳም ግቢ ውስጥ የሺንቶ መቅደስ አይታ ግራ ስትጋባ፣ ሁለቱ እምነቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀላቅለው መኖራቸውንና በ1868 አዲሱ የሜይጂ መንግሥት በአዋጅ እንዲለያዩ ማድረጉን አስረዷት።

ናራን ሊያስጎበኙን አልፈለጉም፤ «የናራን የሚያውቁት የናራ ሰዎች ናቸው» ብለው ከዚያው ከተማ በጎ ፈቃደኞች ጋር አገናኙን። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቶዳይጂ ገዳምን 15 ሜትር ገደማ የሚደርስ የነሐስ ቡድሃ፣ እ.ኤ.አ. በ752 ዓይኑ ተስሎ የተመረቀውን፣ በጥሩ ሁኔታ አስጎብኝታናለች። አጋዘኖቹ ግን የእናቴን ነጠላ ጫፍ ለመብላት ሞክረዋል።

በመጨረሻው ቀን በፖስታ ያዘጋጀሁትን ገንዘብ ሁለት እጃቸውን አንስተው መለሱት። ጉርሻ በጃፓን ልማድ አይደለምና መጫን አይገባም። የይርጋ ጨፌ ቡና ግን በደስታ ተቀብለውናል።

ለምትሄዱ ወገኖች ልጠቁም የምፈልገው፣ እነዚህ በጎ ፈቃደኞች መኪና ነጂዎች አለመሆናቸውን፣ አንዳንዱ ማኅበር መጠነኛ ክፍያ እንደሚጠይቅ፣ በኅዳርም ጠያቂው ስለሚበዛ ከብዙ ሳምንታት በፊት መጻፍ እንደሚያስፈልግ ነው። በክፍያ የሚሠራ ባለሙያ የምትፈልጉ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያለ መንግሥት ፈቃድም ማስጎብኘት ስለተፈቀደ ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ። የመግቢያ ክፍያው ከጥቂት መቶ የን እስከ አንድ ሺህ የን ገደማ ነው፤ በመጸው በአንዳንዱ ቦታ ይጨምራል፤ የአስጎብኚውንም አብራችሁ አስቡ። ጥያቄውን ስትልኩ የሰዉን ዕድሜ፣ ደረጃ የሚቸግረው ካለ እሱን፣ የጾሙን ሁኔታና የምትመገቡበትን ሰዓት በግልጽ ጻፉ። ቡና በስጦታ የምትወስዱ ከሆነም የተቆላ ይሁን፤ ጥሬው በአየር ማረፊያው የዕፅዋት ቁጥጥር ማለፍ ይኖርበታል።