ለበረዶ አገር የታሰበ ጂፒኤስ በድሬዳዋ ፀሐይ

ባለ ሁለት ድግግሞሽ (ከሳተላይቱ ሁለት ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል) የቅየሳ ጂፒኤስ ገዝቼ ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ክረምትና በጋ ተፈራርቀውበታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በግሪንላንድና በአንታርክቲካ የዘወትር የሥራ ዕቃ ነው፤ ተመራማሪዎች የበረዶ ግግሩ ላይ ችካል ተክለው፣ ችካሉ ከነበረዶው ምን ያህል እንደተጓዘ ይለኩበታል። ያኮብስሃቭን የተባለው የግሪንላንድ ግግር እ.ኤ.አ. በ2012 የበጋ ወራት በቀን ከ40 ሜትር በላይ ይሄድ ነበር። እኔ የምለካው ጎርፍ የሚያመጣውን አሸዋ ነው።

በረዶ ላይ የክምችቱን ቁመት ለማወቅ ጂፒኤስ የግድ አይደለም። ከችካሉ ወደ ላይ የቀረውን በሜትር መለካት፣ ከዚያም ጉድጓድ ቆፍሮ በረዶውን መመዘን ይበቃል። አንዱ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ ግራም ከመዘነ፣ አንድ ሜትር በረዶ ሲቀልጥ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል። ደቻቱ ግን ለችካል አይራራም፤ ነቅሎት ይሄዳል። ስለዚህ ዳር ላይ ካለ የሲሚንቶ ምልክት ተነሥቼ የወንዙን ወለል ከፍታ በጂፒኤሱ እወስዳለሁ። ከፍታ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል፤ በአንድ ሌሊት አሸዋ እስከ ጉልበት ለሚከምር ወንዝ ይህ ምንም አይደለም። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ለጎርፉ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፤ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ለሚያስታውስ ከተማ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ቅሬታዬ ሙቀቱ ላይ ነው። መመሪያው ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ እስከ 65 ዲግሪ ይሠራል ይላል። አየራችን 65 አይደርስም፤ ጥቁሩ ሽፋን ግን እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም፣ በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ስክሪንም ይጠቁራል። ባትሪው ከጋለ ደግሞ ቻርጀሩ አልሞላም ብሎ ያቋርጣል፤ የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት ስለማይገባው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ረዳቴ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ከእኛ ይልቅ ፀሐይ ይፈራል» ብሎ ጃንጥላ መያዝ ጀምሯል። መቆጣጠሪያውን ብቻ ይጋርድ፤ የጃንጥላው ብረት አንቴናው ላይ ካረፈ የሳተላይቱን ምልክት ያውካል።

ወደ ማታ እንዳልሸሽ ሌላ ጣጣ አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ (የምድር መግነጢስ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር) በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር (ምልክቱ የሚያልፍበት፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ንብርብር) ይታወክና ሳተላይቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ በመስከረምና በመጋቢት ይብሳል። ሁለት ድግግሞሽ የምልክቱን መዘግየት ያርማል እንጂ የተቆረጠውን አይቀጥልም። ስለዚህ ሥራዬን በማለዳ ጀምሬ እስከ አራት ሰዓት እጨርሳለሁ።

የቻርጀር ቀዳዳው የጎማ ክዳን በአሸዋ ተበልቶ ላልቷል። እንደገና ግዛ ብባል እገዛዋለሁ፤ ነጭ ሽፋን ካለው።