ዩሲ3842፣ ዩሲሲ28ሲ42 ወይስ ኤንሲፒ1200? በጌት ድራይቨር ፍጆታ መነጽር
ለስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ከእነዚህ ተቆጣጣሪ አይሲዎች አንዱን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ዋጋውን ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት አይሲውና የሞስፌቱ (አይሲው የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ጌት፣ ማለትም መቆጣጠሪያ እግሩ፣ አብረው የሚወስዱት ከረንት ነው እላለሁ።

ይህን የተማርኩት በዩሲ3842 የሚሠራ የባትሪ ቻርጀር ስጠግን ነው። የተቃጠለውን ሞስፌት አይአርኤፍ840 አውጥቼ፣ ይበልጥ ጠንካራ ነው በሚል፣ አይአርኤፍፒ460 ተካሁበት። ቻርጀሩ ቲክ፣ ቲክ እያለ መነሣትና መጥፋት ጀመረ። ለደኅንነት ከመብራት መስመሩ በሚለይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር አድርጌ የአይሲውን 7ኛ እግር (የኃይል መግቢያውን) በኦሲሎስኮፕ ስመለከት ቮልቴጁ ቀስ ብሎ 16 ይደርስና ወዲያው ወደ 10 ይወርዳል። አይሲውን ሁለት ጊዜ ብቀይርም ለውጥ አልመጣም። የመጀመሪያው ሞስፌት ጌት በእያንዳንዱ ዑደት ቢበዛ 63 ናኖኩሎም ሲፈልግ የተካሁት እስከ 210 ይፈልጋል፤ በ100 ኪሎኸርዝ ሲባዛ 6.3 ሚሊአምፔር የነበረው ፍጆታ 21 ይሆናል፣ አይሲውን ከተነሣ በኋላ የሚመግበው የትራንስፎርመሩ ረዳት ጥቅልም ይህን ያህል እንዲያቀርብ አልተሠራም ነበር።

ዩሲ3842 ራሱ ሲሠራ 11 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል። ሲነሣ የሚመግበው በ7ኛው እግር ላይ ያለ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሆኖ ከአይአርኤፍ840 ጋር ሲሠራ ከ16 ቮልት ወደ 10 እስኪወርድ ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ረዳት ጥቅሉ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልተረከበው አይሲው ይጠፋል። ለዓመታት ሳይጠፋ የሠራ መሣሪያ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሣም የሚለውም ብዙውን ጊዜ ይህ ካፓሲተር ስለደረቀ ነው፤ እንዲህ ከሆነ፣ አይሲ ከመግዛት በፊት ካፓሲተሩን መቀየር ይበጃል።

ዩሲሲ28ሲ42 የእግሮቹ አቀማመጥ ተመሳሳይ ሆኖ ሲሠራ የሚወስደው 2.3 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ለመነሣትም 50 ማይክሮአምፔር ያህል ይበቃዋል፣ ዩሲ3842 ግን እስከ 1 ሚሊአምፔር ሊፈልግ ይችላል። በ14.5 ቮልት ተነሥቶ በ9 ስለሚጠፋ፣ በዚያው ካፓሲተርና ሞስፌት 30 ሚሊሰከንድ ያህል ይታገሣል። ሆኖም ከ20 ቮልት በላይ አይችልም፣ ዩሲ3842 ግን እስከ 30 ይችላል። ስለዚህ የረዳት ጥቅሉን ቮልቴጅ ሳይለኩ አንዱን በሌላው መተካት አዲሱን አይሲ ማቃጠል ሊሆን ይችላል።

ኤንሲፒ1200 ያለ ረዳት ጥቅል በቀጥታ ከከፍተኛው ቮልቴጅ መሥራት ይችላል። ምቾቱ ግን ዋጋ አለው፤ የመብራቱ 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር 310 ገደማ ስለሚሆን፣ በዚህ መንገድ የሚቀዳ እያንዳንዱ ሚሊአምፔር 0.3 ዋት ያህል ያስከፍላል። አይአርኤፍ840ን በ60 ኪሎኸርዝ ለመንዳት ለጌቱ ብቻ 1.2 ዋት ገደማ ይጠፋል፣ ይህም ለትንሽ አይሲ ከባድ ሙቀት ነው። የጌት ቻርጁ አነስተኛ በሆነ ሞስፌት ለሚሠራ ትንሽ አዳፕተር ግን እመርጠዋለሁ።

ለአዲስ ሥራ፣ ረዳት ጥቅሉ ከ12 እስከ 15 ቮልት እንዲሰጥ ተደርጎ ከተጠቀለለ፣ ምርጫዬ ዩሲሲ28ሲ42 ነው። ጥቅሉ ከ18 ቮልት በላይ ለሚሰጥ አሮጌ ቦርድ ግን ዩሲ3842ን ይግዙ።

ሞስፌት ከመቀየርዎ በፊት ፍጆታውን መለካትም ይቻላል። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ትልቁን የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተር ባዶ ያድርጉ፣ ከዚያ ዩሲ3842 ባለበት ቦርድ ላይ ከጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ 17 ቮልት ወደ 7ኛው እግር፣ ኔጌቲቩን ወደ 5ኛው ያስገቡ። አይሲው ጌቱን መንዳት ከጀመረ በአሚሜትሩ የሚያነቡት የአይሲውና የጌቱ ፍጆታ ድምር ነው፤ ድሬኑ (ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚገባበት የሞስፌቱ እግር) ላይ ቮልቴጅ ስለሌለ ግን በሥራ ላይ የሚወስደው ከዚህ ትንሽ ይበልጣል።