ጹግሽፒትሰን (የጀርመን ረጅሙን ተራራ) በሆለንታል ሸለቆ በኩል ለመውጣት የተከራየሁት ዕቃ፣ 4 ኮከብ ከ5

ተራራው ስር ጋርሚሽ ከተማ ካለ አንድ የተራራ ዕቃ አከራይ ነው የወሰድኩት፣ ሄልሜት፣ ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር ቀበቶ)፣ የክሌተርሽታይግ ኪት (ክሌተርሽታይግ ማለት ገደል ላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ ይዘህ የምትወጣበት መንገድ ነው) እና ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ስር የሚታሰር ሹል ብረት) አንድ ላይ። ሙኒክ ያላችሁ ልጆች "ለአንድ ቀን ብዬ ምን አስከራየኝ፣ ገመድና ሁለት ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ይበቃኛል" የምትሉ ካላችሁ በናታችሁ ተዉት።

ኪቱ ሃርነሱ ላይ የሚታሰር ሁለት ክንድ ያለው ነገር ነው፣ ጫፍና ጫፉ ካራቢነር፣ ስሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ቦርሳ የምትመስል ሾክ አብዞርበር (የመውደቅን ኃይል የምታበርድ) አለችው። ስትወድቅ እዛ ውስጥ ተጣጥፎ የተሰፋው ጥብጣብ ስፌቱ እየተተረተረ ነው ቀስ አድርጎ የሚይዝህ። ተራ ገመድ ይሄን አያደርግማ! ገደሉ ቀጥ ባለበት ቦታ ካራቢነሩ በብረት ገመዱ ላይ ወደታች ተንሸራቶ የብረት ገመዱን ግድግዳው ላይ የያዘው ችካል ጋ ነው የሚላተመው፣ ያን ጊዜ ወይ ያሰርከው ተራ ገመድ ይበጠሳል ወይ ወገብህ።

አከራዩ ልጅ ጎበዝ ነው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ኪሎዬን ነው፣ ለካ ኢኤን 958 የ2017 (የአውሮፓ የደህንነት መስፈርት) የሚል ምልክት ያለው ኪት ከ40 እስከ 120 ኪሎ ነው የሚይዘው፣ የ120ው ደግሞ ከነቦርሳህ። አሮጌ ኪት በርካሽ አገኘን ለምትሉ ደግሞ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ሁለቱም የላስቲክ ክንዶች ተበጥሰው ሰው ሞቶ ብዙ ሞዴል ከገበያ ተሰብስቧል፣ ስለዚህ ከሰው እጅ አትግዙ።

ብሬት የሚሉት ቦታ ላይ ነው ዕቃው የገባኝ። ልሙጥ ግድግዳ፣ እግርህ የሚያርፈው በተተከለ ብረት ላይ ብቻ፣ ከስር ባዶ። ችካል ጋ ስትደርስ አንዱን ካራቢነር ፈተህ ታሻግራለህ፣ ቀጭ ሲል ሁለተኛውን፣ ሁለቱም በአንዴ ከገመዱ አይወጡም በቃ። ከፊትህ ያለው ሰው ቀጣዩን ችካል ሳያልፍም አትከተለው፣ ከላይ ከመጣብህ አንተንም ይዞህ ነው የሚሄደው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በክራምፖኑ ነው። "ለሁሉም ጫማ ይሆናል" ተብዬ ሆለንታልፈርነር የሚባለው የበረዶ ግግር ላይ የግራው ይወልቅ ጀመር፣ በደነዘዘ ጣት ማሰሪያ ማጥበቅ እንዴት እንደሚያናድድ! ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዛው ሱቁ ውስጥ ያስገቡላችሁ። ደግሞ በግግሩና በግድግዳው መሃል ያለው ክፍተት ወደ ነሐሴ ገደማ እየሰፋ ስለሚሄድ የብረት ገመዱ ጋ መሻገር ይከብዳል፣ ስለዚህ ሆለንታልአንገር ማረፊያው ላይ ስታድሩ መንገዱን ጠይቁ፣ ጠዋትም በጨለማ ተነሱ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ ከመጣ ያን ሁሉ ብረት ጨብጦ መገኘት አያምርም።

መነሻው ከሆነው ከሃመርስባህ መንደር እስከ ጫፉ 2962 ሜትር ድረስ ሽቅብ ብቻ 2200 ሜትር ገደማ ነው፣ ስትወርዱ ወደ አይብዜ ሐይቅ በኬብል ካር ውረዱ፣ ውድ ነው ግን ጉልበት ያድናል። ጓንት አያከራዩም፣ ገመዱ ላይ የተፈታ ሽቦ ስላለ እጅ ይቆርጣል፣ ከባውማርክት (የግንባታ ዕቃ መሸጫ) ርካሹን የስራ ጓንት ገዝታችሁ ሂዱ።