የአምፕሊፋየር ገመድ፦ ንጹህ መዳብ ወይስ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም?

መኪና ላይ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ሲገጠም ሰው ስለ ዋት ይከራከራል። ከባትሪ ወደ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን ወደሚያጎላው መሣሪያ) የሚሄደውን ገመድ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ዋጋ፦ የተቀባው ለኪስ ይቀላል።

ኃይል፦ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። በእኩል ውፍረት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ገመዱ ይሞቃል፣ ቤዙም ሲመታ ይደክማል። ስለዚህ የተቀባውን የሚገዛ ወፈር ያለውን ይምረጥ።

አገጣጠም፦ ቀጭኑ መዳብ በምንጣፍ ስር በቀላሉ ያልፋል።

አደጋ፦ አሉሚኒየም እርጥበት ካገኘው መጋጠሚያው ላይ ይበላል። ፊውዝ ግን ለሁለቱም ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ይግባ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለ300 ዋት ሰብዉፈር ወፍራሙ አሉሚኒየም ይበቃል። 1000 ዋት ለሚያስጮህ፣ መኪናውንም ቶሎ ለማይሸጥ መዳብ ይሻላል። ሻጩ «መዳብ ነው» ካለ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ከነጣ አሉሚኒየም ነው።