ጣና ዳር ወፍ ፎቶግራፍ ለማንሳት፦ በእግር ወይስ በጀልባ?

ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ በጥር ወር ወደ በረዶ በተለወጠ ሐይቅ ዳር እየተራመደ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ይልክልኛል። ጣና በረዶ አያውቅም፤ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢተኛም ጥር የእኛ በጋ ነው። እንዲያውም የወንድሜን ብርድ የሸሹ ወፎች እኛ ዘንድ ይከርማሉ።

በጀልባ የወጣ ሰው ፔሊካኖችን፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬዎችን ያገኛል። ነገር ግን ሞተሩ ካሜራውን ያንቀጠቅጣል፤ ወፉም ድምፁን ሰምቶ ይነሳል። የደንገል ታንኳ ጸጥ ያለ ነው፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ካሜራዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ሱሪዬ ረጥቦ፣ አንድም ፎቶግራፍ ሳላነሳ ተመልሻለሁ።

እግሬን የምመርጠው ቆሞ መጠበቅ ስለሚቻል ነው። ነጭና ጥቁሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ እየተርገበገበ ይቆምና ድንገት ወደ ውኃው ይወረወራል። ያችን ቅጽበት ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ይህ የማይታሰብ ነው። ንጋት ላይ ግን ደንገሉ ውስጥ አልገባም፤ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያደረ ጉማሬ ወደ ውኃው የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው።