እዚሁ አገር የተገጣጠመው ባጃጃችን፦ ሞተሩን ወደድኩት፣ ርክክቡን አልወደድኩትም

ባጃጅ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ የጎንደር ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። እኔና ታናሽ ወንድሜ እዚሁ አገር የተገጣጠመ አዲስ ባጃጅ ገዝተናል። ገንዘቡ ውስጥ የእናታችን ዕቁብ አለበት፣ የወንድሜ የዓመታት ቁጠባም አለበት። እሱ ይነዳዋል፣ እኔ እጠግነዋለሁ። ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት አንድ የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ባጃጁን ያየሁት እንደ ገዢም እንደ ገጣጣሚም ነው። የሻጩንም የፋብሪካውንም ስም አልጠራም። የማወራው ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ከሚያስደስተው ልጀምር። ሞተሩ ጥሩ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ሞተር እዚህ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። በዚያ ላይ ዳገቱ አለ። ወንድሜ ሰው ሞልቶ ወደ ጎሃ ሆቴል ሲወጣ አብሬው ነበርኩ። በሁለተኛ ማርሽ ሳያጉረመርም ወጣው። ሲወርድም ፍሬኑ አስተማማኝ ነው፣ ወደ አንድ ጎን አይጎትትም። ወደ አዘዞ በአስፋልቱ ሲሄድ ድምፁ ለስላሳ ነው። ኮብልስቶን ላይ ይንገጫገጫል፤ ይህ ግን የየትኛውም ባጃጅ ጠባይ ነው፣ ጎማው ትንሽ ነዋ።

ሞተሩ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተርና ካምቢዮው እዚያው ከተሠራበት አገር ተገጥሞ፣ ተፈትሾ ነው የሚመጣው። እዚህ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል እንጂ ማንም አይፈታውም። ችግሩ ያለው እዚህ በሚገጠመው ላይ ነው።

የርክክብ ቀን ባጃጁ ጎደሎ ነበር። ቀኝ መስታወት የለውም። የዝናብ መጥረጊያው ክንድ አለ፣ የሚያዞረው ሞተር የለም። የጎን ሸራው የለም። የመፍቻ ቦርሳውም የለም። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ኮንቴይነር ይመጣል፤ እንደውልልዎታለን» አለኝ። ጥምቀት ደርሶ ነበር። ጎንደር ላይ ጥምቀት ለባጃጅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወንድሜ «በቃ እንውሰደው፣ እንግዳው ሳያልቅብን» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ይጻፍልን አልኩ። የጎደለው አንድ በአንድ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነው ባጃጁ ከግቢው የወጣው።

ቤት እንደደረስን ከሥሩ ገባሁ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ብሎን በልኩ ከጠበቀ በኋላ፣ ያጠበቀው ሰው በቀለም ብዕር ከብሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የምታልፍ መስመር ያሰምራል። መስመሯ ካለች ብሎኑ ታይቷል። መስመሯ ለሁለት ከተለያየች ብሎኑ ላልቷል። እኛ ባጃጅ ላይ የሞተሩ መያዣ መስመር አለው። የኋላ ጎማ ዳዶዎችም አላቸው። የፊት አሞርዛተሩ ግን የለውም። የነዳጅ ታንከሩ ማሰሪያም የለውም። የአሞርዛተሩን ብሎን በመፍቻ ስሞክረው ሳልታገል ሄደልኝ። የፊት ፓውዛው ሽቦ ደግሞ ሳይታሰር ተንጠልጥሎ፣ መሪው በዞረ ቁጥር ከብረት ጋር ይታሻል። ያ ሽቦ ቢላጥ ወንድሜ ማታ ከማራኪ ሲመለስ መብራት የለውም ማለት ነው።

ይህን ሳይ የት እንደተበላሸ ገባኝ። እኔም ሠርቼበታለሁና ልንገራችሁ።

የሚገጣጠም ተሽከርካሪ ተበትኖ በኮንቴይነር ነው የሚመጣው። ፋብሪካ ውስጥ ሲኬዲ እንለዋለን። የ50 ባጃጅ ዕቃ አብሮ ከታዘዘ፣ ከመካከሉ አንድ የመስታወት ካርቶን ሲጎድል ሃምሳውም ጎደሎ ይሆናል። የጎደለውን ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል፣ ከዚያ ጅቡቲ አለ፣ ከዚያ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ ጉምሩክ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያችው ካርቶን የምትጠይቀው ብር በጣም ጨምሯል። አስመጪው ትንሽ ትንሽ እያለ ያዛል። ዕቃውም እየተቆራረጠ ይመጣል።

ዕቃ በሌለበት ሳምንት ግማሹ ሠራተኛ ቁጭ ይላል። ያለው ዕቃ ይገጠምና ጎደሎው ተሽከርካሪ ግቢ ውስጥ ይደረደራል። አንዳንዴ አንዱን ለመጨረስ ከሌላው ይፈታል። ዓርብ ከሰዓት ኮንቴይነር ይገባል። አለቃው ይመጣና «ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሁድም አለ» ይላል። እንግዲህ የዘገየው ዕቃ የሚገጠመው በተለመደው ቦታው፣ ፋብሪካው ውስጥ ባለው የመገጣጠሚያ መስመር ላይ አይደለም። ውጭ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ በእጅ መፍቻ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራው መፍቻ የቀረው ፋብሪካው ውስጥ ነው። የብሎኑን ልክ የሚያሳየው መፍቻም ውስጥ ነው። የቀለም ብዕሯም ውስጥ ናት። ዘግይቶ የመጣ ዕቃ ያለበት ቦታ ሁሉ የሚላላው ለዚህ ነው።

ሠራተኛውን እንዳትወቅሱት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ደግሞ ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው በአዘቦት ቀን፣ ሌሊት ካልሆነ፣ በ1.5፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የእሁዷ እጥፍ ክፍያ ለብዙ ልጆች የቤት ኪራይ ናት። ማን እምቢ ይላል? እሁድ ወደ ማታ ግን ዓይን ይደክማል። እጅ ያጠብቃል፣ ልብ ግን የትኛውን እንዳጠበቀ አይዝም። ሰኞ ጠዋት ፈታሹ ሲገባ ተሽከርካሪዎቹ ተጭነው ወጥተዋል። እኔ የምቆጣው ዕቃው እንዳልተሟላ እያወቀ ለደንበኛ ቀን በሚቆርጠው ሰው ላይ ነው። በስድስት ቀን ተረጋግቶ የሚሠራውን በሁለት ቀን ያስጨርሳል፤ ዕዳው የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው።

ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያልጠበቀ ብሎን ይህን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ከርክክቡ በፊት የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ ከሥሩ ግቡ። የቀለም መስመር የሌለውን ብሎን ሁሉ እዚያው አስጠብቁ። ፓውዛ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የፍሬን መብራት ሞተሩ እየሠራ ይሞከር። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩና ሽቦ የሚጎትት እንዳለ እዩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ፤ ሊብሬ ላይ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች መከራው ብዙ ነው። የሚቸኩል ወንድም ካላችሁ ደግሞ ቤት ይቆይ።

ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ከጠበቅኩት ተሽሎ ነው ያገኘሁት። ስልክ ያነሳሉ። የላላውን ነግሬያቸው መካኒካቸው መጥቶ ከእኔ ጋር እያንዳንዱን ብሎን አየ፣ ሽቦውንም አሰረ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ምክንያት አልደረደረም። የመጥረጊያው ሞተር ክረምት ሳይገባ መጥቶ በነፃ ተገጠመ። የሐምሌ ዝናብ ያለ መጥረጊያ የሚነዳበት አይደለምና ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ፣ ማለትም ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ አራዳ አካባቢ እንደ ልብ ይገኛል። የአካል ዕቃ ነው አስቸጋሪው።

ለሞተሩና ለፍሬኑ ከ10 ዘጠኝ እሰጣለሁ፣ ለርክክቡ አራት። ቀኝ መስታወቱን መጠበቅ ሲሰለቸን ከገበያ ገዝተን አስገጠምን። ደረሰኙንና ያቺን ማኅተም ያላትን ወረቀት ይዘን ስንሄድ ዋጋውን ከሰርቪስ ሂሳብ ላይ ቀነሱልን። የመፍቻ ቦርሳው ደርሷል። የጎን ሸራው ገና ነው፣ ሰኞ እደውላለሁ።