ባስ ለሚወድ፦ የቢል ጌይዘር የመዝሙር ቪዲዮዎች

ለሳውዘርን ጎስፔል (ለአሜሪካ ደቡብ የክርስቲያን መዝሙር) ያለኝ ፍቅር የጀመረው በባስ፣ ማለትም በጣም ወፍራም በሆነው የወንድ ድምፅ ነው። አሜሪካዊው ዘማሪ ቢል ጌይዘር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካን ደቡብ አንጋፋ ዘማሪዎች ሰብስቦ የቀረጻቸውን ቪዲዮዎች ደጋግሜ አይቻለሁ። ባስ ዘማሪው ጄ ዲ ሰምነር ድምፁን ቁልቁል ሲያወርደው ወንበሬ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1970ዎቹ አጃቢው ያደረገው ያለ ነገር አይደለም! ዘማሪዋ ቬስታል ጉድማንስ? ያን መሐረቧን ይዛ ስትነሳ እኔም ብድግ ነው። ጆርጅ ያውንስ ደግሞ ቀልዱም ባሱም አንደኛ።

በመዝሙሮቹ መሃል ያለው ወሬ አንዳንዴ ይረዝማል፤ አሳልፈዋለሁ። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ግን አገላብጣችሁ እዩ። የኔ አንዱ ተቧጭሮ ነው የመጣው፤ ልክ ሰምነር ሊወርድ ሲል ቀጥ ይላል። እንዴት እንደሚያናድድ! ደግሞ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ ባሱ ድራሹ ይጠፋል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል።